ሽማግሌ ሳን ሆዜ ሲደርስ፦ የማጫጨትና የማስታረቅ ታሪክ

ሽማግሌ መላክ በአማራው አገር በአንድ ስም ሁለት ሥራ የያዘ ልማድ ነው። ልጅ ለመጠየቅ ከሴቷ ወላጆች ደጅ የሚቆመው ሰው፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉም ተጠርቶ በመካከላቸው የሚቀመጠው እሱ ነው። ማጫጨትና ማስታረቅ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያረፉት እንዲያው አይደለም፤ ትዳሩን የጠየቀ ስለ ትዳሩ ይጠየቃል የሚል አሳብ ከሥሩ አለ። ልማዱ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎና ከሸዋ ተነሥቶ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜና ኦክላንድ እስኪደርስ ብዙ ነገር አልፎበታል። ልጅ መጠየቁ እስከ ዛሬ ደምቆ ይታያል። ለተጣሉት ሌላ ዕድል መፈለጉ ግን ከሕጉም ከኑሮውም እየራቀ መጥቷል፤ ይበልጥ የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸኛው ነው።

በቀድሞው ሥርዓት ማጫጨት የወላጆች ጉዳይ ነበር። ለልጁ ሚስት የሚፈልግ አባት በቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ በገበያ ወይም በማኅበር ላይ ያያትን ልጅ የማን እንደሆነች ይጠይቃል። ከመልክና ከሀብት በፊት የሚመረመረው ዝምድና ነው፤ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ የሚገናኝ ዘር ከተገኘ ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል። ቆጠራውን የሚያውቁት አረጋውያን ስለነበሩ ያለ እነሱ ጋብቻ አይታሰብም። ከዚያ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ሰው፣ ከመካከላቸውም ካህን ቢኖር ይወደዳል። ሽማግሌዎቹ ቤቱ ሲደርሱ “ግቡ፣ ተቀመጡ” ቢባሉም ጉዳያቸውን ሳይናገሩ አይቀመጡም። ነጠላቸውን አጣፍተው እንደቆሙ “ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል” ይላሉ። አባትየው በልቡ ቢደሰት እንኳ የዚያን ዕለት እሺ አይልም፤ “ከቤተ ዘመድ ልምከርበት” ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ሁለተኛም ሦስተኛም ይመላለሳሉ። በቀጠሮዎቹ መካከል የሁለቱም ወገን ሰው ስለ ሌላው ጠባይ፣ ስለ ቤቱ በሽታና ዕዳ ያጣራል። እሺታው ሲገኝ የጥሎሹ ነገር ይነሣል፣ ዋስ ይጠራል። ልጅቱ ግን ብዙ ጊዜ አትጠየቅም ነበር፤ ዕድሜዋም ገና ለጋ ነበር። ትልቁ የልማዱ በደል ይህ ነው፤ ሊሸፋፈን አይገባም።

እንዲህ ተጠንቶ የተመሠረተ ትዳር ሁሉ ግን አልጸናም። በአማራው አገር ፍቺ ከሚገመተው በላይ የተለመደ ነበር። የሰማንያ ጋብቻ በውል እንደቆመ በውል ይፈርሳል፤ ባልና ሚስት ንብረት ተካፍለው ይለያዩና ሌላ ያገባሉ። የቁርባን ጋብቻ ግን ስለማይፈታ፣ ብዙዎች በሰማንያ ለዓመታት ኖረው፣ ልጆች ወልደው፣ አንዱ የሌላውን ጠባይ ካወቀ በኋላ ነው ለመቁረብ የሚቆርጡት። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከጣይቱ ጋር በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ ሰሞን በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ሲቆርቡ ሁለቱም ሌላ ትዳር አይተው ነበር። ምኒልክ ከወይዘሮ ባፈና ጋር ኖረዋል፤ ጣይቱም ከአንድ በላይ ባል አግብተው ነበር። ይህ ዘግይቶ የመጣ ትዳር ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ሠላሳ ዓመት ቆየ። ቤተ ክርስቲያንም ለዚህ ዓይነቱ ሰው ሥርዓት አላት፦ ለደናግል ተክሊል፣ ቀድሞ ትዳር ለነበራቸው ደግሞ አክሊል የማይደፋበት የመዓስባን ጸሎት። ዳግም ለሚጀምሩ ሰዎች የሚደርስ ጸሎት በመጽሐፍ ተጽፎ መኖሩ አገሩ ስለ ትዳር የነበረውን ዕውቀት ያሳያል።

የሰርጉ ጊዜም የተወሰነ ነበር። በጾም ሰርግ ስለማይደረግ ገበሬው እህሉን ከሰበሰበ በኋላ በጥምቀትና በዐቢይ ጾም መካከል ያሉት ሳምንታት የሰርግ ወራት ሆኑ፤ ቀጥሎ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ያለው ጊዜ ይመጣል። ጥር 11 ቀን ታቦት ወጥቶ ሕዝቡ ሲያጅብ ወላጆች ያላጫጯቸውም ይተያያሉ። ጎረምሳው የወደዳትን ልጅ ደረት በሎሚ መምታቱ ያለ ሽማግሌ የሚደረግ ጥያቄ ነበር። ሎሚውን ማንሣቷ ፈቃዷን ያሳያል፤ ሽማግሌው የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው። በወላጆች ምርጫ መካከል የልጆቹ ምርጫ የሚያልፍባት ጠባብ በር ይህች ነበረች።

ሕግ ወደ ጉዳዩ የገባው ዘግይቶ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ክርክር ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጠ፤ በዳኝነት የሚቀመጡትም አብዛኛውን ጊዜ ለጋብቻው ምስክር የነበሩ ሰዎች ነበሩ። የጥንቱ ልማድ በዚህ በሕግ አንቀጽ ታተመ። በዚያው ዘመን ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ “ጠልፎ በኪሴ” እና “ያላቻ ጋብቻ” የተባሉ ሁለት የጋብቻ ኮሜዲዎች ጽፎ ለመድረክ አበቃ። በሁለተኛው ተውኔት ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ የመኳንንት ልጅ የቤት ሠራተኛውን ላግባ ብሎ ይነሣል። ዘር ቆጥሮ የሚያጋባው ቤተ ዘመድ በከተማ ሥልጣኑ እየተነካ መሆኑን ተመልካቹ እየሳቀ ያይ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 213 የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 አሳደገ፤ ይህ ትልቅ ድል ነው። ፍቺን የመወሰን ሥልጣንም ከሽማግሌ ወደ ፍርድ ቤት አለፈ። ሽማግሌው ለማስማማት ብቻ ቀረ፤ ዳኛው ባልና ሚስቱን በመረጧቸው ሽማግሌዎች ተነጋገሩ ሊላቸው ይችላል፣ እስከ ሦስት ወር የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል።

ኢትዮጵያውያን በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ መብዛት የጀመሩት በዚሁ ለውጥ መካከል ነው። ለትምህርት መጥተው የ1966ቱ አብዮት መመለሻ ያሳጣቸው ተማሪዎች ቀደሙ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የስደተኞችን ሕግ ካወጣች በኋላ ደግሞ በሱዳን በኩል የወጡት ተከተሉ፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ዲቪ የደረሳቸው ተጨመሩ። ኦክላንድ ውስጥ በቴሌግራፍ ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተከፈቱ፣ አብያተ ክርስቲያናትም ተተከሉ። ሳን ሆዜ ሥራ ፍለጋ የመጣውን አስተናገደች።

የመጀመሪያዎቹ መጤዎች አብዛኞቹ ያለ ወላጅ የመጡ ወጣቶች ነበሩ፤ ስለዚህ የሚላክም፣ ሽማግሌ ተቀብሎ የሚያስተናግድም አባት አልነበረም። አባት ከሌለ አጎት፣ አጎት ከሌለ በዕድሜ ገፋ ያለ የአገር ልጅ፣ እሱም ከሌለ የንስሐ አባት ተተካ። ዛሬ ወጣቶቹ ራሳቸው ተዋውቀውና ተስማምተው ሳለ እንኳ ሽማግሌ ይላካል። ቅዳሜ ጠዋት በአንድ የሳን ሆዜ ሳሎን ሦስት ሰዎች ኮት ላይ ነጠላ ደርበው ይቆማሉ። ስልክ ጠረጴዛው መካከል ድምፁ ከፍ ተደርጎ ተቀምጧል፤ አዲስ አበባ ያሉት አባት በዚያ ይሰማሉ። በአሜሪካ ክረምት የሁለቱ ከተሞች ልዩነት አሥራ አንድ ሰዓት ስለሆነ፣ እዚህ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን እዚያ ከምሽቱ ሁለት ነው። አባትየው “ልምከርበት” የሚለውን አይዘነጉም፤ ቀጠሮው ግን ከሳምንታት ወደ ደቂቃዎች አጥሯል። በስልኩ ውስጥ እልልታ ሲሰማ ሳሎኑ ይቀበላል፤ ምግቡ የሚቀርበው ያኔ ነው። ይህ ለታይታ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ለልጆቹ ከኋላቸው ሰው እንዳላቸው የሚነግር ነው፤ አገር ርቆ ለሚኖር ደግሞ ይህ ብዙ ነው።

ሙሽራዋ ወይም ሙሽራው ከአገር ቤት የሚመጣ ከሆነ ከሽማግሌው ጎን የአሜሪካ መንግሥት ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተፈቀደው የእጮኛ ቪዛ የመጣው ሰው በ90 ቀን ውስጥ እንዲጋባ ያዛል። ከ1986ቱ ማሻሻያ ወዲህ ደግሞ ሁለቱ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት በአካል መገናኘታቸውን ማስረዳት አለባቸው። በፎቶ አይቶ፣ በሽማግሌ ብቻ ተማምኖ መጋባት በዚህ ተዘጋ።

የሰርጉ ወራትም ተዛወረ። ሥራና ትምህርት የሚፈቅደው የአሜሪካ በጋ ነው፤ ስለዚህ ሰርግ ከጥር ወደ ሐምሌ ወርዶ፣ ነሐሴ 1 በሚገባው የፍልሰታ ጾም ይቋረጥና ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ የሚያዘጋጀው የእግር ኳስ በዓል፣ በ2014 ሳን ሆዜ ሲስተናገድ፣ ወጣቱ የሚተያይበት ቦታ የጥምቀትን ሜዳ የሚያስታውስ ሆነ። በ1993 ሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው ማች ዶት ኮም ያስፋፋው በኢንተርኔት የመተጫጨት ዘዴም ከዚሁ አካባቢ ለዓለም ተዳርሷል። ኮምፒውተሩ ሰው ያገናኛል፤ ሲጣሉ ግን ተመልሶ አይመጣም።

ችግሩ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማንንም ጥፋት ሳይጠይቅ ፍቺ የሚፈቅድ የመጀመሪያው ግዛት ሆነ። ጋብቻውን ለመመዝገብ አንድ ምስክር ይበቃል፤ በኢትዮጵያ ሕግ ግን በየወገኑ ሁለት ሁለት ይቆማሉ። የካሊፎርኒያው ምስክር ፈርሞ ከሄደ በኋላ የሚጠይቀው የለም። ፍቺው የሚጸናው ማመልከቻው ለሌላው ወገን ከደረሰ ቢያንስ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ከኢትዮጵያው የማሰቢያ ጊዜ እጥፍ የሆነው ይህ ጊዜ ብዙ ቤት ውስጥ በጠበቃና በወረቀት ያልቃል። ሽማግሌዎቹ በሰሙ ጊዜ ንብረቱ ተካፍሎ ያገኙታል። ባለጉዳዮቹም ገመናችን ቤተ ክርስቲያን ደረሰ ብለው ያፍራሉ፤ በአገር ቤት ግን ሽማግሌው ገመናውን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ስለነበረ የሚታፈረው አልነበረም። ይህ ማለት ግን የተደበደበች ሴት ለመታረቅ ትመለስ ማለት አይደለም፤ ሽማግሌ ስንቷን ሴት “ቻይው” እያለ እንደመለሰ የማይታወቅ ነገር አይደለም።

ያም ሆኖ ሽማግሌው በጊዜ ሲጠራ የሚሆነው ይታወቃል። እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ያነጋግራል፣ ጥፋተኛውን ይገሥጻል፣ ካሣ ካለ ይቆርጣል፣ በመጨረሻ ሁለቱ ጉልበት ስመው ይታረቃሉ። በካሊፎርኒያ የፍቺው ፍርድ ካልተሰጠ ማመልከቻው ይነሣና ትዳሩ እንዳለ ይቀጥላል። ተፋትተው ከሆነ ግን እንደማንኛውም ሰው አዲስ የጋብቻ ፈቃድ አውጥተው በ90 ቀን ውስጥ መጋባት አለባቸው። የኢትዮጵያ ሕግም ለዚህ ሰው በር ትቷል፦ የተፋታች ሴት ሌላ ለማግባት 180 ቀን እንድትጠብቅ ሲያዝዝ፣ የምታገባው የቀድሞ ባሏን ከሆነ መጠበቅ የለባትም።