በሩ እንጂ ወለሉ ያልታየ ባሕር

መስቀል ፍላወር ካሉት ካፌዎች በአንዱ ግማሽ ሰዓት የተቀመጠ ሰው የባሕር በር ክርክር ሳይሰማ አይነሣም። ወሬው ስለ ወደብ፣ ስለ ኪራይና ስለ ጦር መርከብ ነው። ከውሃው በታች ምን እንደሚኖር የሚጠይቅ ግን የለም። ልማዱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1952 ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ኢትዮጵያ ረጅም የባሕር ዳርቻና የዳህላክን ደሴቶች አገኘች። ብዙም ሳይቆይ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ተቋቋመ። የባሕሩን ወለል ለማየት የወረዱት ግን በአብዛኛው እንግዶች ነበሩ። የጣሊያን ጠላቂዎች ዳህላክ ላይ የቀረፁት፣ ፎልኮ ኩዊሊቺ ያዘጋጀው «ስድስተኛው አህጉር» የተባለ ፊልም በ1954 ለዕይታ በቃ። በ1962 እና በ1965 ደግሞ የእስራኤል ሳይንቲስቶች ወደ ዳህላክ መጥተው የባሕሩን እንስሳት ሰብስበው መዘገቡ።

የዚያ ዘመን መሣሪያ መረብና ጠላቂ ነበር። ተራ ጠላቂ ከ40 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ወለሉን የሚጠርግ መረብም ያገኘውን እያፈረሰ ያወጣል። መላው የመጣው ከጦር ሠራዊት ነው። በ1966 የአሜሪካ ባሕር ኃይል «ከርቭ» የተባለ በገመድ የሚመራ ሮቦት አውርዶ፣ ስፔን አጠገብ ባሕር ውስጥ የወደቀ የሃይድሮጅን ቦምብ ከ800 ሜትር በላይ ጥልቀት አወጣ።

ሳይንቲስቶችም ዘዴውን ወረሱት። ሮቦቱ ካሜራና መብራት ይዞ በተለካ መስመር ይጓዛል፤ ባለሙያው መርከብ ላይ ሆኖ ያየውን ይቆጥራል። እንስሳው ከቤቱ አይነቀልም። ከዓመታት በኋላም በዚያው መስመር ተመልሶ ምን እንደጨመረ፣ ምን እንደጎደለ ማወዳደር ይቻላል።

ሮቦቱ በሳይንስ እጅ በበረታበት በ1980ዎቹ ኢትዮጵያ ጦርነት ውስጥ ነበረች። በ1990 ምጽዋ ከመንግሥት እጅ ወጣች፤ በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች። ኢትዮጵያም የባሕሩን ወለል በወጉ ሳታይ ከባሕሩ ተለየች።

በእጅ ያለው ውሃስ? ጣና ከ14 ሜትር ብዙም አይጠልቅም፤ ሆኖም በሌላው ዓለም የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ቤት ነው። እነርሱን ለይተው ለሳይንስ ዓለም ካስተዋወቁት መካከል የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ይገኙበታል። ሻላ ደግሞ ከ250 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ትንሽ ሮቦት ከጀልባ ላይ ወርዶ ሊያየው የሚችል ወለል ነው። ለዚህ የሌላ አገር ፈቃድ አያስፈልግም፤ የማንም ወደብም አይጠበቅም።

ነገ የባሕር በር ቢገኝ ወለሉ ይቆፈራል፣ መርከብ ይቆማል፣ ዓሣ ይወጣል። ቀድሞ ያልተቆጠረ ነገር ግን ሲጠፋም አይታወቅም።