የሙዚቃ ሽልማት ዘርፎችና የጋሞ ኅብረ ድምፅ ዘፈን

በማናቸውም አገር ሽልማት የሚሰጥ ድርጅት ተሸላሚውን ከመምረጡ አስቀድሞ የሽልማቱን ዘርፎች ይወስናል። ዘርፉ ከተወሰነ በኋላ ዳኛው የሚፈርደው በተሰጠው ስም ሥር ለቀረቡት ብቻ ነው፤ ከስሙ ውጭ የቀረው ተወዳድሮ ሳይሸነፍ ሳይታይ ይቀራል። ስለዚህ የሽልማት ዘርፎች ታሪክ፥ ምንም እንኳ ተራ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ቢመስል፥ አንድ ኅብረተሰብ ሙዚቃ የሚለው ነገር ምን እንደ ሆነ የሚገልጥ ታሪክ ነው። ይህንንም ለመመርመር የጋሞ ደጋ እጅግ ያመቻል፤ በዚያ የሚዘፈነው ዘፈን በተለመዱት ዘርፎች ውስጥ በደኅና አይገባምና።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአርባ ምንጭ በተደረገ አንድ የዘፈን ውድድር ላይ ተገኝቶ ነበር። ከዶርዜ ለመጡት ሽማግሌዎች የምዝገባ ቅጽ ቀረበላቸው፤ ቅጹም የድምፃዊውን፥ የግጥም ደራሲውንና የዜማ ደራሲውን ስም ይጠይቃል። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተመካክረው በሦስቱም መስመር ላይ «ዶርዜ» ብለው አስጻፉ። መዝጋቢው ግን የአንድ ሰው ስም እንዲጠሩ ግድ ስላላቸው በዕድሜ የሚበልጡት አባት ተጻፉ፤ የምስክር ወረቀቱም በእርሳቸው ስም ወጣ። እኒህ አባት ወረቀቱን እያገላበጡ፥ «ይህን አገር ቤት ለማን አሳየዋለሁ? ብቻውን ዘፈነ ሊሉኝ ነው» አሉ።

የሽማግሌዎቹ መልስ ለነገሩ የተገባ ነበረ። የዶርዜ ዘፈን የኅብረ ድምፅ ዘፈን ነው፤ ይኸውም የየራሳቸውን ክፍል የያዙ ዘፋኞች በአንድ ጊዜ የተለያየ ዜማ እያሰሙ እርስ በርስ ይያያዛሉ። መሪ አለ፤ ዳሩ ግን መሪው ብቻውን ቢቆም የሚሰማው የዘፈኑ አንድ ክፍል ብቻ ነው። በሰርግ፥ በለቅሶና በመስቀል በዓል የሚዘፈነውን ይህን ዘፈን ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቀርጸው በሸክላ ሲያሳትሙ፥ የሸክላው ርእስ የያዘው የሕዝቡን ስም ነበረ።

አሁን ወደ ሽልማቶቹ ታሪክ እንመለስ። በአገራችን በዘመናዊ መልክ ከተቋቋሙት ሁሉ ስመ ጥሩ የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1964 ሽልማቱን መስጠት ጀመረ። ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አንድ ዘርፍ፥ ለሥነ ጥበብም ሌላ ዘርፍ ነበረው። በሥነ ጽሑፍ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1966 ተሸለሙ፤ በሥነ ጥበብ ደግሞ አፈወርቅ ተክሌ በ1964፥ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1965፥ እስክንድር ቦጎሲያን በ1967 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ተሸልመዋል። ሦስቱም ሠዓልያን ናቸው። ሥዕል ሠሪው የታወቀ፥ ሥራው በፊርማ የተለየ ነውና ለዚህ ዓይነቱ ዘርፍ ይመቻል፤ የዶርዜ ዘፈን ግን ፊርማ የሚቀመጥበት ጥግ የለውም።

ከዚህ ቀጥሎ ዘርፎቹን የወለደው ገበያ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምሩ በትንሹ ሸክላ በአንዱ ገጽ ላይ የሚገባው የጥቂት ደቂቃ ዘፈን ነበረ። ካሴት ሲመጣ ዐሥር ያህል ዘፈኖችን በአንድ ድምፃዊ ስምና ፎቶግራፍ ሰብስቦ መሸጥ ተለመደ። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ይተላለፍ በነበረው በለዛ ዝግጅት አማካይነት በ2000ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው፥ በአድማጮች ድምፅ የሚወሰነው ሽልማት፥ የዓመቱን አልበም፥ ነጠላ ዜማና የሙዚቃ ቪዲዮ ከፊልምና ከተዋንያን ጋራ ሲሸልም ቈይቷል። እንግዲህ ነጠላ ዜማ የትንሹ ሸክላ፥ አልበም የካሴት፥ የሙዚቃ ቪዲዮም የቴሌቪዥን ልጆች መሆናቸውን እናስተውል። እያንዳንዱ ዘርፍ አስቀድሞ የተሸጠ ዕቃ ነበረ። ለሚሸጠው ሙዚቃ ይህ የተገባ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በሰርግ ቤት የሚዘፈነው ግን ዕቃ ሆኖ አያውቅም።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ግራሚ እ.ኤ.አ. በ1959 በ28 ዘርፎች ተጀምሮ እስከ 109 ደረሰ። በ2011 ወደ 78 ሲቀነስ ለሃዋይ ሙዚቃና ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሙዚቃ ለየብቻቸው የነበሩት ዘርፎች ቀርተው፥ ከሌሎች ጋራ የየአካባቢው ሥረ መሠረት ሙዚቃ በሚል አንድ ስም ተጠቃለሉ። በ1992 የዓለም ሙዚቃ ተብሎ የተጀመረውም ዘርፍ በ2020 ስሙ ተለወጠ፤ ለአፍሪካ ሙዚቃ ለብቻው የተሰየመው ዘርፍ መጀመሪያ የተሸለመው በ2024 ነው። ዘርፍ ይወለዳል፥ ይሞታል፥ ስም ይለውጣል፤ ከተፈጥሮ የመጣ ሳይሆን በጉባኤ የሚወሰን ነውና።

ምናልባት አንባቢው፥ «እንግዲያስ የባህል ሙዚቃ የሚል አንድ ዘርፍ ቢጨመር አይበቃምን?» ይል ይሆናል። አይበቃም። የጋሞን ኅብረ ድምፅ፥ የአዝማሪን መሰንቆና የበገናን መዝሙር በአንድ ስም መሰብሰብ የሃዋይን ዘርፍ ያጠፋውን ጥቅለላ መድገም ነው። ከዚህም በላይ ቅጹ የሚጠይቀው የአንድ ሰው ስም እስከ ሆነ ድረስ፥ ከዘፋኞቹ መካከል አንዱ ድምፃዊ ሌሎቹ አጃቢ ይሆናሉ። ወጣቱም ይህን ሲያይ የራሱን ክፍል መያዝ ትቶ ብቻውን ለመዝፈን ይማራል፤ ክፍሎቹን የሚይዝ ሲጠፋም ዘፈኑ አብሮ ይጠፋል።

ጋሞዎች ሰውን ማክበር የማያውቁ ሕዝብ አይደሉም። በዶርዜ ሀለቃ ለመሆን የሚሾመው ሰው ለአገሩ ሰፊ ድግስ ማብላት አለበት፤ ሹመቱም በመስቀል ሰሞን በገበያ በአደባባይ ይታያል፥ በራሱም ላይ ቅቤ ይደረጋል። በእኛ አዳራሽ የሚከበረው ይቀበላል፤ በዚያ ግን የሚከበረው ይሰጣል። የአገር ነገር በሚመከርበት በዱቡሻም እስኪስማሙ ይወያያሉ እንጂ ድምፅ ቈጥረው አይለያዩም።

ለኅብረ ድምፅ የሚገባ ክብር ሊገኝ እንደሚችል ምስክር አለ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2001 የጆርጂያን፥ በ2003 የመካከለኛው አፍሪካን የአካ ሕዝብ ኅብረ ድምፅ ዘፈን ከሰው ልጅ ድንቅ ቅርሶች ጋራ ሲያውጅ የአንድ ድምፃዊ ስም አልጠየቀም። የእኛም ሽልማት ሰጪዎች በዚህ ፈለግ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ዘርፉን በዘፈኑ አሠራር ይሰይሙ፥ ተሸላሚውም ማኅበር ወይም አገር እንዲሆን ይፍቀዱ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቻችን ደግሞ እያንዳንዱን ክፍል ለይተው ይቅረጹ፤ ክፍሎቹን የያዙት አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ ይህ ሊደረግ ይገባል። ያን ጊዜ በቅጹ ላይ «ዶርዜ» ተብሎ የተጻፈው ስም እንደ ስሕተት አይሰረዝም።