የሲሚንቶን ብክለት በሸክላ አፈር መቀነስ ይቻላል?

በአዲስ አበባ ሲሚንቶ ለመግዛት ወደ ሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚሄድ ሰው ሁለት ስሞችን ለይቶ ያውቃል፦ ኦፒሲ እና ፒፒሲ። የመጀመሪያው ለምሰሶና ለወለል አርማታ፣ ሁለተኛው ለግንብና ለልስን እንደሚመረጥ ግንበኛው አስቀድሞ ነግሮታል። በሁለቱ መካከል ያለው ዋነኛ ልዩነት ግን በከረጢቱ ውስጥ ያለው የክሊንከር መጠን ነው። የሲሚንቶ ኢንዱስትሪ የዓለምን የአየር ንብረት ከሚጎዱት ዘርፎች አንዱ ሊሆን የበቃውም በዚሁ በክሊንከር ምክንያት ነው።

ክሊንከር የሚገኘው የኖራ ድንጋይና ጥቂት ሸክላ አፈር አንድ ላይ ተፈጭተው፣ በሚሽከረከር እቶን ውስጥ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ሲቃጠሉ ነው። ከእቶኑ የሚወጣው ጠጠር መሰል ነገር ከጂፕሰም ጋር ሲፈጭ ሲሚንቶ ይሆናል። እቶኑን ለማጋል ብዙ ነዳጅ፣ በአብዛኛውም የድንጋይ ከሰል፣ ያስፈልጋል። ይሁንና ትልቁ ብክለት የሚመጣው ከነዳጁ አይደለም። ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ከክብደቱ 44 በመቶ የሚሆነው በውስጡ የታሰረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሲቃጠልም ይህንን ጋዝ ይለቃል። ክሊንከር ሲመረት ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 60 በመቶ ገደማ የሚሆነው የሚመነጨው ከራሱ ከድንጋዩ ነው። እቶኑ ሙሉ በሙሉ በውኃ ወይም በፀሐይ ኃይል ቢሠራ እንኳ ይህ ድርሻ አይቀንስም።

ዓለም በዓመት 4 ቢሊዮን ቶን ገደማ ሲሚንቶ ያመርታል። ሰዎች ወደ ከባቢ አየር ከሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥም ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከዚህ ኢንዱስትሪ ይወጣል። ስለዚህ ለመሐንዲሶች የቀረበው ጥያቄ ንጹሕ ነዳጅ ከማግኘት ያለፈ ነው፦ የሲሚንቶውን ጥንካሬ ሳይጎዱ ክሊንከሩን በምን መተካት ይቻላል?

በችግር የተጀመረ ምርምር

ተስፋ ከተጣለባቸው መልሶች አንዱ የተገኘው በኩባና በስዊትዘርላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ትብብር ነው። በኩባ ሳንታ ክላራ ከተማ የሚገኘው የላስ ቪያስ ማዕከላዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በፕሮፌሰር ፈርናንዶ ማርቲሬና መሪነት፣ አነስተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች በርካሽ የሚሠራ የግንባታ ቁስ ለዓመታት ሲፈልጉ ቆይተዋል። ነዳጅም ሲሚንቶም በሚያጥርበት አገር መነሻቸው እጥረቱ ነበር፤ የአየር ንብረት ጉዳይ ኋላ ላይ የመጣ ነው። በሎዛን ፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተማሩት ፕሮፌሰር ካረን ስክሪቨነር ደግሞ የሲሚንቶን ኬሚስትሪ በማጥናት የታወቁ ናቸው። ሁለቱ ቡድኖች ከ2000ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ በጋራ ያዳበሩት ሲሚንቶ ኤልሲ3 በሚል አሕጽሮት ይጠራል።

በብዛት የሚጠቀሰው የኤልሲ3 ቅመራ 50 በመቶ ክሊንከር፣ 30 በመቶ የተቃጠለ ሸክላ አፈር፣ 15 በመቶ ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና 5 በመቶ ጂፕሰም ነው። አፈሩ ካኦሊናይት የተባለውን ማዕድን የያዘ መሆን አለበት። ይህ አፈር ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ሲሞቅ ከውስጡ የሚወጣው ውኃ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይደለም። ሙቀቱ ባህላዊ ሸክላ ሠሪዎች ጀበናና ምጣድ ከሚተኩሱበት ሙቀት ብዙም አይርቅም። ውኃውን ያጣው አፈር ክሊንከሩ ውኃ ሲነካው ከሚፈጥረው ኖራ ጋር ይዋሃድና ይጠነክራል። በአፈሩ ያለው አሉሚና ደግሞ ከጥሬው የኖራ ድንጋይ ጋር ተዋሕዶ በኮንክሪቱ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ከተራው ሲሚንቶ ጋር ሲነጻጸር በዚህ መንገድ የካርቦን ልቀቱን እስከ 40 በመቶ መቀነስ ይቻላል።

የተቃጠለ ሸክላ ሲሚንቶን እንደሚያጠነክር ከዚያ በፊትም ይታወቅ ነበር። ችግሩ ንጹሕ ካኦሊን ውድ መሆኑ ነው፤ የወረቀትና የሴራሚክ ፋብሪካዎችም ይሻሙበታል። የምርምሩ ትልቁ ውጤት፣ ቢያንስ 40 በመቶ ያህል ካኦሊናይት የያዘ ተራ አፈር እንደሚበቃ ማሳየቱ ነው። ለሴራሚክ የማይመረጥና በማዕድን ማውጫዎች ዳር ተከምሮ የሚቀር አፈር ዋጋ አገኘ ማለት ነው።

በ2013 በኩባ ሲጓኔይ ፋብሪካ በተደረገው ሙከራ ሸክላው የተቃጠለው ቀድሞ በነበረ አሮጌ እቶን ነበር። በሕንድም በዴልሂ፣ በቦምቤይና በማድራስ የሚገኙት የቴክኖሎጂ ተቋማት ሲሚንቶውን ፈትሸውታል። አገሪቱ በ2023 ለኤልሲ3 የራሱን የጥራት ደረጃ አውጥታለች።

ከመመረቂያ ጽሑፍ እስከ ፋብሪካ

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም በዚህ ዘርፍ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። የሸንኮራ አገዳ ገለባ አመድን፣ የቡና ገለፈት አመድንና የእሳተ ገሞራ አፈርን በሲሚንቶ ምትክ የፈተኑ በርካታ የመመረቂያ ጽሑፎች አሉ፤ ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ የተወሰደው አመድ አንዱ ምሳሌ ነው። ውጤታቸው ብዙ ጊዜ መልካም ነው። በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ አብዛኞቹን መደርደሪያ ላይ ያስቀራቸው የኬሚስትሪ ጉድለት ሳይሆን የመጠን ጉዳይ ነው። አንድ ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ በዓመት በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ቶን ግብዓት ይፈልጋል። የስኳር ፋብሪካ አመድ ግን ጥቂት ነው፤ በወቅት የተገደበም ነው። የኤልሲ3 ተመራማሪዎች የጀመሩት ከተገላቢጦሹ ነው፦ በቅድሚያ በብዛት የሚገኘውን ለዩ፤ ቀመሩን ያበጁት ከዚያ በኋላ ነው።

በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ የክሊንከር ምትክ ሆነው ያገለገሉት የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫዎች አመድና የብረት ማቅለጫዎች ዝቃጭ ናቸው። አብዛኛውን ኤሌክትሪኳን ከውኃ ለምታገኘው ኢትዮጵያ ይህ መንገድ አይሆንም። ካኦሊናይት ግን ሙቀትና ዝናብ በሚበዛባቸው አካባቢዎች ድንጋይ ለረጅም ዘመን ሲበሰብስ የሚፈጠር በመሆኑ፣ በሐሩር ክልል አገሮች በብዛት ይገኛል። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኘው የቦምቦውሃ ካኦሊን ለሐዋሳው የታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ ግብዓት ሆኖ አገልግሏል።

እርግጥ ኢትዮጵያ በስምጥ ሸለቆ የታደለችው ሌላ ሀብት አላት። ፒፒሲ የሚመረተው ፑሚስ የተባለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከክሊንከር ጋር በመፍጨት ነው፤ በ2011 የወጣው የአገሪቱ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም የፑሚስን ድርሻ ማሳደግን የልቀት መቀነሻ አድርጎ አስቀምጧል። ፑሚስ መቃጠል አያስፈልገውምና ርካሽ ነው። ነገር ግን ጥንካሬ የሚያስገኘው በዝግታ በመሆኑ መጠኑ ሲበዛ ሲሚንቶው ይደክማል። የተቃጠለው ሸክላ ከእሱ ይልቅ ፈጣን ነው። ሁለቱ ይፎካከራሉ ከማለት ይልቅ እያንዳንዱ ፋብሪካ በአቅራቢያው ያለውን ይመርጣል ማለቱ ይቀላል።

በአፍሪካ ቀድመው ወደ ምርት የገቡት በምዕራቡ ክፍል ያሉት እንደ አቢጃንና የጋናው ቴማ ያሉ የወደብ ከተሞች ናቸው። በእነዚህ አገሮች ክሊንከር በመርከብ ተጭኖ፣ በውጭ ምንዛሪ ተከፍሎበት ይገባል። እያንዳንዱ ቶን ሸክላ ከዚያ ወጪ ይቀንሳል። በኢትዮጵያ የኖራ ድንጋይ ሞልቷል፤ ፋብሪካዎችን ለረጅም ጊዜ ያስጨነቃቸው ከውጭ የሚገዛው የድንጋይ ከሰል ነው። የክሊንከሩ መጠን ሲቀንስ የከሰሉም ፍጆታ ይቀንሳል። ሲሚንቶ በተደጋጋሚ ከገበያ ሲጠፋ በቆየበት አገር ደግሞ፣ በአንድ እቶን ክሊንከር ብዙ ከረጢት መሙላት ማለት ቤቱን ጀምሮ ላቆመ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ቀይ ሲሚንቶ ማን ይገዛል?

አዲሱ ሲሚንቶ ድክመቶችም አሉት። በመጀመሪያው ቀን የሚኖረው ጥንካሬ ከኦፒሲ ያነሰ ነው፤ ልዩነቱ የሚጠብበት ከሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ሲቦካ ብዙ ውኃ ይጠጣል። የግንባታ ሠራተኛው እንዲለሰልስለት ብሎ ውኃ ከጨመረበት ጥንካሬው ይጎዳል፤ ስለዚህ ማለስለሻ ኬሚካል ያስፈልጋል። ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውስጡ ያለውን ብረት ለዝገት እንዳያጋልጥም ኮንክሪቱን በሚገባ ውኃ ማጠጣት ግድ ነው። በአንጻሩ የባሕር ጨው ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ በመከላከል ረገድ ከተራው ሲሚንቶ ይበልጣል፤ ለጅቡቲ፣ ለምጽዋ፣ ለበርበራና ለሞምባሳ ትርጉም ያለው ጠባይ ነው።

ቀለሙም ያልተጠበቀ ችግር ፈጥሯል። ብረት የበዛበት አፈር ሲቃጠል እንደ ገል ይቀላል፤ ገዢው ግን ሲሚንቶ ግራጫ መሆኑን ነው የሚያውቀው። ፒፒሲን እንኳ በጥርጣሬ የሚያይ ገበያ ቀይ ሲሚንቶን በቀላሉ አይቀበልም። በመሆኑም አምራቾች የእቶኑን ኦክስጅን በመቀነስ አፈሩ ግራጫ እንዲሆን ያደርጋሉ።

የጥራት ደረጃም ሌላው በር ነው። በአውሮፓ እስከ 2021 ድረስ የነበረው ዋናው የሲሚንቶ ደረጃ እንዲህ ያለውን ቅመራ አያካትትም ነበር፤ በዚያ ዓመት የወጣው ተጨማሪ ደረጃ ክሊንከሩ እስከ 50 በመቶ ዝቅ እንዲል ፈቅዷል። ከአሮጌው ሰነድ ጋር የሚሄዱ አገሮች እስኪያሻሽሉት ድረስ፣ ፋብሪካው ቢያመርት እንኳ በመንግሥት ግንባታ ጨረታ ለመሸጥ ይቸገራል።

ከዚያ በፊት መሠራት ያለበት የአፈር ቆጠራ ነው፤ ይህ ደግሞ የትኛውም የምሕንድስና ኮሌጅ የሚችለው ሥራ ነው። ንጹሕ ካኦሊናይት ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ከክብደቱ 14 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ የደረቀ የአፈር ናሙና በዚህ የሙቀት መጠን ውስጥ 5.6 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ፣ 40 በመቶውን መስፈርት ሳያሟላ አይቀርም። ለመጀመሪያው ፍተሻ የሚያስፈልገው አንድ የቤተ ሙከራ ምድጃና አንድ ሚዛን ብቻ ነው።