ቀርከሃ የሚቆረጠው አንገቱ ላይ ነው

ዛሬ ከራሴ ስህተት ልጀምር። ሥራ በያዝኩበት የመጀመሪያ ዓመት ለጥቂት አባወራዎች የቀርከሃ ተከላ ሳሳይ፣ ከእናቱ ላይ በዶማ እያስነቀልኩ «ሥር ካለው ይበቅላል» ብዬ አስተከልኳቸው። ክረምቱ ሲወጣ አብዛኛው ደርቆ ቀረ። አንድ አባት ከደረቁት አንዱን ነቅለው አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ የሚቆረጠው እኮ አንገቱ ላይ ነው፤ አንተ ሆዱን ነው የከፈልከው» አሉኝ። በጣም አፈርኩ።

በኋላ ሳነብ የገረመኝ ምን መሰላችሁ? ለብዙ ዓመታት በቻይና ቀርከሃ ያጠናው አሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ፍሎይድ ማክሉር፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ያንኑ ቦታ «አንገት» ብሎ ነው የጠራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአፈር ሥር ያለው ወፍራም ነገር ሥር አይደለም፣ ግንድ ነው። አንጓ አለው፣ በአንጓው ላይ የቡቃያ ዓይን አለው፤ ሥር የምንለው ክር መሳዩ ከእሱ የሚወጣው ነው። ዝንጅብልን አስቡት፤ የምንበላው ሥሩ ሳይሆን የመሬት ውስጥ ግንዱ ነው። አዲስ የቀርከሃ ቡቃያ በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን የሚይዘው ከዚህ ግንድና ከእናቱ በሚያገኘው ስንቅ ነው። ከላይ የምታዩትን ብትቆርጡት ይተካል፤ ይህን ካበላሻችሁት ግን የሚተካው የለም።

ማክሉር የመሬት ውስጥ ግንዶችን ለሁለት ከፈላቸው። አንዱ አጭርና ወፍራም ነው፤ ጫፉ ራሱ ወደ ላይ ታጥፎ ቀርከሃ ይሆናል። ሌላው ቀጭንና ረጅም ነው፤ እንደ ሰርዶ አፈር ውስጥ ለውስጥ እየሮጠ ቡቃያውን ከጎኑ ያወጣል። የእኛዎቹ፣ የደጋው ቀርከሃም የቆላው ሽመልም፣ ከወፍራሙ ወገን ናቸው። ሽመል ተጠጋግቶ ይወጣል፤ የደጋው ግን አንገቱ ረዘም ስለሚል ግንዶቹ ራቅ ራቅ ይላሉ።

የሯጩን ዓይነት ጥቅም አሟጠው ያወቁት ቻይናና ጃፓን ናቸው። ቻይናዎች የመሬት ውስጥ ግንዱን «የቀርከሃ ጅራፍ» ይሉታል፤ ስታዩት እውነትም ጅራፍ ነው። በዠጂያንግ አካባቢ በሞቃቱ ወቅት የጅራፉን ለስላሳ ጫፍ ቆፍረው አትክልት አድርገው ይበሉታል። ጫፉ ሲቆረጥ ደግሞ ከጎኑ ቅርንጫፍ ያወጣል።

የደረቀው ጅራፍ አንጓዎቹ የተቀራረቡ፣ ውስጡ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጎንበስ ቢያደርጉት የማይሰበር ነው። ለዚህ ነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን «ዋንጊ» በሚባል ስም በመርከብ ወደ እንግሊዝ እየተጫነ የከዘራና የጃንጥላ እጀታ ይሆን የነበረው። ቻርሊ ቻፕሊን በፊልሞቹ የሚያሽከረክራት ዘንግም ከዚሁ እንደነበረች ይነገራል። ጃፓኖች የቦርሳ እጀታ ሠርተውበታል። ሻኩሃቺ የሚባለውን ዋሽንታቸውንም የሚሠሩት ከግንዱ ታችኛ ጫፍ፣ የሥሩ ጉጥ ከነበረበት ቦታ ጭምር ነው። የእኛ ዋሽንት የሚቆረጠው ከላይ መሆኑን ልብ በሉ።

ጃፓኖች ደግሞ «የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ወደ ቀርከሃ ጫካ ሩጥ» የሚል የቆየ ምክር አላቸው፤ ከሥር ያለው መረብ አፈሩን አቅፎ ይይዘዋል ከሚል ነው። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ እንበል። መረቡ የላይኛውን አፈር ነው የሚይዘው፤ ጥልቀት የለውም። የቦረቦር ጫፍ ላይ ብትተክሉት ጎርፍ የሚጠርገውን አፈር ያስቀርላችኋል፣ ከሥር የሚንሸራተትን ገደል ግን አያቆምም። ተራራው ከተሰነጠቀ ቀርከሃ አለኝ ብላችሁ አትቀመጡ።

«ታዲያ እኛስ ከዘራ ሠርተን አንሸጥም ወይ?» የሚል ይኖራል። የእኛዎቹ ግንዶች አጭርና ቆልማማ ስለሆኑ ረጅም ዘንግ አይወጣቸውም። አርጅቶ ከደረቀው የመሬት ውስጥ ግንድ ግን የቢላ እጀታ፣ የመሳቢያ መያዣ፣ ትንንሽ ቅርጻቅርጽ መሥራት ይቻላል፤ እንጨቱ ጠንካራ ነው። እኔ የማየው ግን ሁሉም ወደ ምድጃ ሲገባ ነው። ለዘንግ ብላችሁ ሯጩን ዓይነት ከውጭ አስመጥታችሁ እንዳትተክሉ ደግሞ አደራ። ድንበር አያውቅም፤ የጎረቤት ገብስ ውስጥ ብቅ ሲል ቀበሌ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። ሕያውን ግንድ ለሽያጭ መቆፈርም አያዋጣም፣ የሚመጣውን ዓመት ቡቃያ ነው የምትሸጡት።

ለተከላ ስታወጡ ዝናቡ ሲጀምር አድርጉት። ከመሃል ሳይሆን ከዳር፣ አንድ ወይም ሁለት ዓመት የሆነውን ምረጡ፤ መሃል ያለው ያረጀው ነው። መጀመሪያ አፈሩን በእጅ ግለጡና ከእናቱ ጋር የሚያገናኘውን ቀጭን አንገት ፈልጉ። በዶማ አትፈንቅሉት፤ በስለታም መጥረቢያ ወይም በመጋዝ አንገቱ ላይ ቁረጡ። የቡቃያ ዓይኖቹ ያሉት በሆዱ ላይ ስለሆነ እንዳይላጡ ጠብቁ። የላይኛውን ግንድ አንድ ሜትር ገደማ አስቀርታችሁ ቆርጣችሁ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ፣ በዚያው ቀን ትከሉ።

ያኔ በደረቁብኝ ጉድጓዶች ላይ በዓመቱ ከእኚያ አባት ጋር ደግመን ተከልን። እሳቸው ቆረጡ፣ እኔ ጆንያ ያዝኩ። አሁን ከቁመቴ አልፏል።