የዕረፍት የልብ ምት፦ ከሌላው ሳይሆን ከራስ ጋር የሚመዘን ቁጥር

የእጅ ሰዓቶችና የስልክ መተግበሪያዎች «ሬስቲንግ ሃርት ሬት» እያሉ በየማለዳው አንድ ቁጥር ያሳያሉ። በአማርኛ «የዕረፍት የልብ ምት» ብንለው ይስማማዋል፤ ሰው ነቅቶ ሳለ፣ አካሉም መንፈሱም ረግቶ፣ ተቀምጦ ወይም ጋደም ብሎ ልቡ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ የሚገልጽ ነው። ለአዋቂ ሰው ከ60 እስከ 100 ያለው ጤናማ ይባላል። ይህ ወሰን ለሐኪም መነሻ ይሆናል እንጂ ለባለቤቱ ብዙ አይነግረውም። ቁጥሩ የሚናገረው የሰውየው የራሱ የቆየ ልክ ሲታወቅ ነው።

ምክንያቱ ከልብ አሠራር ይጀምራል። ምቱን የሚያስነሡት በልብ የላይኛው ቀኝ ክፍል የሚገኙ ልዩ ሕዋሳት ናቸው፤ ብቻቸውን ቢተዉ በደቂቃ 100 ገደማ ያስመቱት ነበር። ቬገስ የሚባለው ከአንጎል ግርጌ የሚወርድ ነርቭ ግን ልጓሙን ይዞ ያዘገየዋል። የልብ ንቅለ ተከላ በተደረገላቸው ሰዎች ነርቩ ስለሚቆረጥ፣ አርፈው ተቀምጠው እንኳ ምታቸው አብዛኛውን ጊዜ 90 እና ከዚያ በላይ ነው። በሌላ በኩል ለዓመታት የሮጠ አትሌት ልቡ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚገፋ በደቂቃ 40 ወይም 45 ጊዜ መምታቱ ሊበቃው ይችላል። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን መብዛት፣ ትኩሳት፣ የሰውነት ውሃ ማነስ፣ እርግዝና፣ ጭንቀት፣ ጫት፦ እነዚህ ሁሉ ምቱን ከፍ ያደርጋሉ። መንገዳቸው የተለያየ ቢሆንም የሚታየው ቁጥር አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ አንድ ነገር መለወጡን ይጠቁማል እንጂ በሽታውን በስሙ አይጠራም።

«ምቱ ፈጣን የሆነ ሰው እንቅስቃሴ የማያደርግ ሰው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም» የሚል ይኖራል። በዴንማርክ ኮፐንሃገን 2,798 ወንዶችን ለ16 ዓመት የተከታተለና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን ፈትሾታል። የአካል ብቃታቸው ከሒሳቡ ከተቀነሰ በኋላም በዕረፍት ምታቸው ከፍ ያለ ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ታዲያ ምቱን በመድኃኒት ዝቅ ማድረግ ዕድሜ ያስረዝማል? እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚቸኩሉት። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው ሲግኒፋይ የተባለው ሙከራ የልብ ደም ቧንቧ ሕመም ኖሮባቸው የልብ ድካም የሌለባቸውን ከ19,000 በላይ ሰዎች አሳትፏል። አይቫብራዲን የተባለው መድኃኒት ምታቸውን በደቂቃ 10 ያህል ቀነሰው፤ ከሞትና ከልብ ድንገተኛ ሕመም ግን አላዳናቸውም። በልብ ድካም ሕሙማን ላይ መድኃኒቱ የጠቀመበት ሌላ ሙከራ አለ። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ቁጥሩን መቀነስ በራሱ ፈውስ እንዳልሆነ፣ ወሳኙ ከጀርባው ያለው ሕመም እንደሆነ ያሳያል።

ከራስ ጋር ማስተያየት ይበጃል ያልኩትም ከዚሁ የተነሣ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመና በአሜሪካ 92,457 ሰዎች በእጃቸው ካሰሩት መሣሪያ የተሰበሰበ መረጃን የመረመረ ጥናት፣ አማካዩ 65 ገደማ ሆኖ ሳለ የአንዱ 40፣ የሌላው 109 መሆኑን አሳይቷል፤ የእያንዳንዱ ሰው የራሱ ልክ ግን በአብዛኛው ብዙ አይዋዥቅም። ስለዚህ ዘወትር 55 የነበረ ሰው ለሳምንታት 72 ላይ ቢቆይ፣ በወሰኑ መሠረት ጤነኛ ቢባልም ምክንያቱን ቢፈልግ ይሻለዋል። «እንዲህ ያለ ክትትል ሰውን ያስጨንቃል» የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው፤ ጭንቀቱ ራሱም ምቱን ይጨምራል። ስለዚህ የአንድ ቀኑን ትቶ የሳምንቱን አማካይ ማየት በቂ ነው።

ውድ ሰዓት አያስፈልግም። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ፣ ቡና ሳይቀመስ፣ ጠቋሚና መሐል ጣትን ከአውራ ጣት በታች በእጅ አንጓ ላይ አሳርፎ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። ያለ ግልጽ ምክንያት ከ100 በላይ ሆኖ የሚቆይ፣ ወይም ከ60 በታች ሆኖ ከማዞር፣ ራስን ከመሳትና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የሚመጣ ምት በሐኪም መታየት አለበት። እንደ አቴኖሎል ያለ መድኃኒት የሚወስዱ አንባቢዎች ደግሞ መድኃኒቱ ምትን እንደሚያዘገይ ይወቁ፤ ቁጥሩ ዝቅ አለ ብለው ሐኪማቸውን ሳያማክሩ እንዳያቋርጡት።