የስሜን ተራሮች የአስጎብኚዎችና የበቅሎ ጫኞች ማኅበራት

መቀመጫቸው ደባርቅ ከተማ፣ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል። አስጎብኚዎች፣ ምግብ አብሳዮችና በቅሎ ጫኞች ተደራጅተው ሥራውን በተራ ይከፋፈላሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ተረኛው ይወጣል።

በቅሎ መጫን ቀላል ይመስላል። ማለዳ ላይ ድንኳኑና የስንቁ ካርቶን በገመድ ተጠፍሮ ግራና ቀኙ ሲመዛዘን ያየ ግን ሙያ መሆኑን ይረዳል፤ ጭነቱ ካዘነበለ በተራሮቹ ላይ ያለው የሳንቃ በርና የጨነቅ ዳገት አይወጣም። በቅሎውን ለሚጭነው ገብስ አራሽ ገበሬ ገቢው በእጅ የሚገባ ጥሬ ገንዘብ ነው።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገብቶ በ2017 ወጣ። ከዚህ ተርታ እንዲወጣ ሲባል በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ መዛወራቸውን መዝለል አይገባም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዳባት ወረዳ ጭና ሲደርስ ቱሪስት ጠፋ፤ ተራ ጠባቂዎቹም ያለ ሥራ ቀሩ።