የነርሲንግ ልየታና የቅድሚያ አሰጣጥ

«ነርሲንግ ዲያግኖሲስ» በጤና ሳይንስ ትምህርት ቤቶችና በሆስፒታል ክፍሎች በእንግሊዝኛ አጠራሩ የሚሠራበት ስያሜ ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ «የነርሲንግ ልየታ» ተብሏል። «የበሽታ ልየታ» የሚለው አነጋገር በሕክምናው የተለመደ በመሆኑ አዲሱ ስያሜ ከእርሱ ጋር ይዛመዳል፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ የሚለዩት ነገር አንድ አይደለም። ሐኪሙ በሽታውን ለይቶ በስሙ ሲጠራ፣ ነርሱ ሕመሙ በታማሚው አተነፋፈስ፣ አመጋገብ፣ እንቅልፍ፣ እንቅስቃሴና መንፈስ ላይ ያደረሰውን ወይም ሊያደርስ የሚችለውን ችግር መርምሮ በነርሲንግ እንክብካቤ ሊቃለል የሚችለውን ይለያል። ስለዚህም ሳንባ ምች የያዛቸው ሁለት ሰዎች በሽታቸው አንድ ሆኖ የነርሲንግ ልየታቸው ሊለያይ ይችላል።

እነዚህን ችግሮች በወጥ ቋንቋ የመሰየሙ ሥራ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በተካሄደው የመጀመሪያ ብሔራዊ ጉባኤ ሲሆን፣ ከዚያ የመነጨው ማኅበር በ1982 ናንዳ ተብሎ ተቋቁሞ በ2002 ናንዳ ኢንተርናሽናል ተሰኝቷል። ማኅበሩ የሚያሳትመው የልየታዎች ዝርዝር በብዙ አገሮች ያገለግላል፤ ታማሚውን ሳያዩ ከዝርዝሩ ስም መምረጥ ግን ልየታ ሊባል አይችልም።

በነርሲንግ ምሁሯ በማርጆሪ ጎርደን ስም በሚታወቀው አቀራረብ የተሟላ ልየታ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፤ እነርሱም ችግሩ፣ የችግሩ መነሻና ችግሩ መኖሩን የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸው። ለምሳሌ በሳንባ ምች የተኙ አንድ አዛውንት በደቂቃ 30 ጊዜ ይተነፍሳሉ፣ በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት 86 በመቶ ነው፣ ወፍራም አክታቸውን በሳል ማውጣት አቅቷቸዋል፣ ምግብ አስጠልቷቸዋል፣ ሌሊቱንም በጭንቀት ያድራሉ እንበል። ነርሱ ከሚጽፋቸው ልየታዎች አንዱ «በወፍራም አክታና በሳል ድካም ምክንያት የአየር መተላለፊያ አለመጽዳት፣ በሚያንኮራኩር ትንፋሽና አክታን ማውጣት ባለመቻል የሚታይ» የሚል ይሆናል። እዚህ ላይ መነሻው «ሳንባ ምች» ተብሎ ቢጻፍ ነርሱ ምን ማድረግ እንዳለበት አያመለክትም፤ ፀረ ባክቴሪያውን የሚያዝዘው ሐኪሙ ነውና። አክታው መወፈሩና ሳሉ መድከሙ ሲጻፍ ግን ራስጌውን ከፍ ማድረግ፣ የሚከለክል ሁኔታ ከሌለ ፈሳሽ መስጠት፣ ሳል ማለማመድና ሲያስፈልግ አክታውን በመሣሪያ መምጠጥ ከልየታው ተከትለው ይመጣሉ።

ከልየታው ይልቅ የሚከብደው ቅደም ተከተሉ ነው። አስታማሚዎች አጥብቀው የሚያመለክቱት ብዙ ጊዜ «እህል አልቀመሱም» የሚለውን ነው፤ አሳባቸውም ተገቢ ነው። ሆኖም ትንፋሽ ያጠረውን ሰው አስገድዶ ማጉረስ ምግቡ ወደ ሳንባ እንዲገባ ሊያደርግ ስለሚችል፣ የአየር መተላለፊያው፣ ትንፋሹና የደም ዝውውሩ ከምግብም ከጭንቀትም ይቀድማሉ። የሥነ ልቦና ምሁሩ አብርሃም ማስሎው እ.ኤ.አ. በ1943 ያቀረበው የሰው ልጅ ፍላጎቶች ደረጃም በነርሲንግ ትምህርት ከዚህ ጋር አብሮ ይጠቀሳል፤ እንደ መመሪያ ይጠቅማል እንጂ በአልጋው አጠገብ የሚደረገውን ፍርድ አይተካም።

አሁን ያለ ችግር ገና ሊመጣ ከሚችለው ይቀድማል የሚለው ደንብም እንዲሁ ሁልጊዜ አይሠራም። ከወለደች ሁለት ሰዓት የሆናት እናት ቁርጠት እየተሰማት ማህፀኗ ግን ልል ሆኖ ከተገኘ፣ ቁርጠቱ አሁን ያለ ችግር ሲሆን የደም መፍሰሱ ገና ስጋት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ማህፀኑን በማሸት ማጠንከርና ሐኪም ወይም አዋላጅ መጥራት ለሕመም ማስታገሻ ተብሎ አይዘገይም። ራሱን የማጥፋት አሳብ ያለው ታማሚም ሰውነቱ ደኅና መስሎ ስለታየ ብቻ ወደ ኋላ አይባልም።

ቅደም ተከተሉ ከታማሚው ሁኔታ ጋር ይለዋወጣል። የአዛውንቱ ኦክስጅን ተስተካክሎ ትንፋሻቸው ሲረጋጋ፣ ትናንት አራተኛ የነበረው አመጋገብ ዛሬ አንደኛ ሊሆን ይችላል፤ በመግቢያ ቀን የተጻፈው ቅደም ተከተል እስከ መውጫ ድረስ ሳይነካ ከቆየ ማንም አላየውም ማለት ነው። ስለዚህ ተረካቢው ነርስ በየፈረቃው ርክክብ ላይ ታማሚውን ራሱ አይቶ ቅደም ተከተሉን እንደገና ሊያወጣ ይገባዋል።